እንደ ሎርን ማነከስ

ኮልቢ፣ ና ተከተለኝ፤ አካፋውን ያዝ፣ የብረቱንም ዘንግ፤
በረዶው ገና አለቀቀም፤ የጫማህን ክር ጠበቅ አድርግ።
ዓርብ በሩ ይከፈታል። የሞንታና ሰው በመኪና፣
ከሞንታና ውጪም ያለው፣ ድንኳኑን ጭኖ ይመጣና
ተራራ ሊያይ፣ ድብ ሊፈራ፣ ፏፏቴ ፎቶ ሊያነሳ፤
እኛን የሚያስታውሰን ቧንቧው ሲደርቅ ነው፣ ወይ ሽንት ቤቱ ሲያገሳ።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ
«የውሃና ፍሳሽ ሥርዓት ተቆጣጣሪ» ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ
ሹመት ይመስላል። እናቴ ግን እስክትሞት
«ማርሊስ? ደን ጠባቂ ናት» ትል ነበር ለጎረቤት።
አላረምኳትም። ምን ልበል? «ጠዋት ከምንጩ ስቤ አጠጣለሁ፣
ማታ ደግሞ ያጠጣሁትን ተቀብዬ አጣራለሁ»?

አምና ሐምሌ አንዲት ሴት፣ ኮፍያዋ ጃንጥላ የሚያህል፣
በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ፣ ኤልኩ ቆሞ፣ ቀንዱ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይመስል፣
«እንዴት ያለ ሐይቅ ነው!» አለችኝ፤ «ስሙ ማን ነው?»
«ሁለተኛው» አልኳት። ሁለተኛው የፍሳሽ ኩሬያችን ነው።
ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ወንፊቱስ? ትናንት አፍንጫህን ይዘህ ያጠብከው?
ሰው ለቄስ የማይነግረውን ለሽንት ቤት ነው የሚነግረው።
አርቴፊሻል ጥርስ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የአሻንጉሊት ክንድ፤
አንዴም የወርቅ ቀለበት። የነብራስካ ሰው፣ አርዴል የሚባል ግዙፍ ወንድ፣
ደጄ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ሁለት ቀን ዝቃጩን ሳምስ ሰነበትኩ፣
በሦስተኛው አገኘሁት፤ አጥቤ፣ አድርቄ ደወልኩ።
ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ለካ እያወቀች ነው የጣለችው» አለኝ፤
«እዚያው ይቅር። አትላኪልኝ።»
ፓምፕ ቤቱ ውስጥ፣ ምስማር ላይ አለ። አትንካው።

አንድ የገና ዋዜማም ማንቂያው ጮኸ፤ ከገበታ ተነሥቼ ሮጥኩ፤
ፓምፑን ያነቀው የሕፃን ካልሲ ነበር፤ በጣቴ ስቤ አወጣሁና ሳቅኩ።
ባሌ ዌንዴል ግን ሦስት ቀን ሙሉ በሩቁ ነው ሰላም ያለኝ።

አሁን ስማኝ። ይሄ ነው ጉዳዩ፦
ቁጥር ዐሥራ አራት ካልተከፈተ፣ የላይኞቹ ድንኳኖች ጠብታ አያዩ።
ካርታውን የሣለው ሎርን ዊትክራፍት ነው፣ ከኔ በፊት እዚህ የነበረ፤
«ከትልቁ ጥድ ሰባት እርምጃ፣ ወደ ወንዙ» ብሎ ጽፎ አደረ።
ጥዱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ እሳት ነደደ፤
ጉቶው ነበር የቀረን፤ እሱም አምና ተናደ።
እርምጃስ የማን እርምጃ? ሎርን ቁመቱ ረጅም፣ ግራ ጉልበቱ
በቦይ ቁፋሮ ተሰብሮ፣ ያነክስ ነበር እስከ ዕለተ ሞቱ፤
አንዱ እርምጃው ረጅም፣ አንዱ አጭር።
በዱካው እየረገጥኩ ነው የተማርኩት፤ በሜትር አይደለም፣ በእግር።

ስለዚህ አነክስ፣ ኮልቢ። አትሳቅ። ቀኙን ዘርጋ፣ ግራውን ጎትት፤
ሦስት፣ አራት፣ ጉልበትህን አትጠፍ፣ ሰባት። እዚያ ጋ። ውጋት።
ጭቅ። አፈር ነው። አንድ ስንዝር ወደ ግራ።
ጠን!
ሰማኸው? ሎርን ነው ከታች የተጣራ።

ቁልፉን አጥልቅ። በቀስታ፤ ሩብ ዙር፣ ቆም፣ ሩብ ዙር፤
ውሃ ካስደነገጥከው ቧንቧ ይሰብራል፣ እንደ ፈረስ ነው ሲበር።
ስማ፦ ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ አየሩ ሲወጣ፤
ከዚያ ዝገት፣ ቀይ እንደ ሻይ፤ ከዚያ ነጭ አረፋ መጣ፤
ከዚያ ጥርት።
ናሙናውን ያዝ፣ ክሎሪኑን ለካ፣ ሰዓቱን ጻፍበት።
እስኪ አሁን ቅመሰው።
«ምንም ምንም አይልም» አልክ። በቃ፣ ይኸው ነው!
በሃያ ስምንት ዓመት ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አልሰማሁም፤ አልፈልግምም።
ትፋው ደግሞ፤ ላቦራቶሪው ገና አላጸደቀም።

አካፋውን ተሸክመህ ወደ መኪናው ስትወርድ
አሁንም ታነክሳለህ፤ ግራ እግርህን ትጎትታለህ፣ ሳታውቀው።
ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር።
ተውኩት።